ከእንጉዳዩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው የቱ ነው?

በ1960ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶኪዮ በሚገኘው የብሔራዊ ካንሰር ማዕከል የምርምር ተቋም ጎሮ ቺሃራና ባልደረቦቻቸው ሺታኬ የተባለውን እንጉዳይ ይቀቅሉ ነበር። ሺታኬ ከጃፓን ጓዳ የማይጠፋ ምግብ ነው፤ ለጤና ይበጃል የሚለውም ወሬ የቆየ ነው። ተመራማሪዎቹ ወሬውን በአይጥ ሊፈትኑት ፈለጉ።

እንጉዳዩ በሙቅ ውሃ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፤ ውሃው ይጠለላል፤ በተጠለለው ላይ አልኮል ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ቡናማው ፈሳሽ ይደፈርስና ነጣ ያለ ጭራማ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል። ዝቃጩ ደጋግሞ ተጣርቶ፣ ፕሮቲኑም ከወጣለት በኋላ የቀረው ነጭ ዱቄት ሌንቲናን ተባለ። ሳርኮማ 180 የተባለ የካንሰር እብጠት የተተከለባቸው አይጦች ይህን በትንሽ በትንሹ በመርፌ ሲወስዱ እብጠቱ በአብዛኞቹ ላይ መነመነ፤ ከብዙዎቹም ፈጽሞ ጠፋ። ውጤቱ በ1969 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ።

ደስታው ሳይበርድ ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። ይኸው ዱቄት ከአይጧ ሰውነት ውጭ፣ በብርጭቆ ሳህን ላይ ለሚራቡ የካንሰር ሕዋሶች ሲሰጥ አይገድላቸውም። በ1971 ማዬዳና ቺሃራ ገና በጨቅላነታቸው የታይመስ ዕጢያቸው በወጣላቸው አይጦች ላይ ሞከሩት። ታይመስ ከበሽታ ተከላካይ ሕዋሶች የተወሰኑት የሚበስሉበት ቦታ ነው። በእነዚህ አይጦች ላይ ሌንቲናን ኃይል አጣ። እብጠቱን ሲያጠፋ የነበረው የአይጧ የራሷ መከላከያ ኖሯል፤ የእንጉዳዩ ድርሻ መከላከያውን መቀስቀስ ነበር።

ታዲያ ቀስቃሹ ከምን ተሠራ? ሲተነተን የተገኘው ግሉኮስ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ጥያቄውን አከበደው፤ የድንች ስታርችም ግሉኮስ ነው፣ ጥጥም ግሉኮስ ነው፣ አንዳቸውም ካንሰር ሲያጠፉ አልታዩም። የግሉኮስ ፍሬዎች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው ረጅም ሰንሰለት ሲሠሩ ፖሊሳካራይድ ይባላሉ፤ አንዱን ፖሊሳካራይድ ከሌላው የሚለየው ፍሬዎቹ የሚያያዙበት ቦታ ነው። ግሉኮስ ስድስት ካርቦኖች አሉት። በስታርችና በጥጥ ማያያዣው በዋናነት ከ1ኛው ካርቦን ወደ 4ኛው ነው፤ በሌንቲናን ግን ከ1ኛው ወደ 3ኛው ነው። ኬሚስቶች ይህን ቤታ 1፣3 ይሉታል። በሌንቲናን ግንድ ላይ ደግሞ በየአምስቱ ፍሬ ሁለት ቅርንጫፎች ከ6ኛው ካርቦን ይወጣሉ።

ኃይሉ ያለው ከግንዱ ነው ወይስ ከቅርንጫፉ? ይህን ለመለየት የሚያስችል ሌላ ፈንገስ በአካባቢያቸው ነበር። ፖሪያ ኮኮስ በጥድ ሥር ላይ፣ ከመሬት በታች እየተድቦለቦለ ያድጋል፤ ቻይናውያን ፉሊንግ እያሉ ለብዙ መቶ ዓመታት በመድኃኒትነት ተጠቅመውበታል። የደረቀው አካሉ አብዛኛው ፓኪማን የተባለ ፖሊሳካራይድ ነው። የፓኪማን ግንድ እንደ ሌንቲናን ቤታ 1፣3 ሆኖ ጥቂት የ1፣6 ቅርንጫፎች አሉት። የሌንቲናን የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም በአይጦች ላይ ሲሞከር እብጠቱን ሊገታ አልቻለም፤ በውሃም አይሟሟም።

ቀጥሎ የተደረገው ነገር ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚደንቀው ነው። ፔርአዮዴት የሚባል ውህድ አለ። ይህ ውህድ ሃይድሮክሲል የተባሉ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች በተጎራባች ካርቦኖች ላይ ተቀምጠው ካገኘ በሁለቱ ካርቦኖች መካከል ይቆርጣል። በ1፣3 የተያያዘ ግሉኮስ ላይ 3ኛው ካርቦን በማያያዣው ተይዟል፤ ስለዚህ በ2ኛውና በ4ኛው ላይ ያሉት ሃይድሮክሲሎች አይጎራበቱም፣ ቆራጩም የሚይዘው አያገኝም። በቅርንጫፉ ላይ ያለው ግሉኮስ ግን 2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ካርቦኖቹ ተከታትለው ክፍት ናቸውና ይቆረጣል። ከዚያ በቦሮሃይድራይድ ይታከማል፣ ለስለስ ያለ አሲድ ይጨመርበታል፣ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ይረግፋል። ግንዱ ደህና ነው። ማንም ሰው ሞለኪውሉን በዓይኑ ሳያይ፣ መቀስም ሳያነሣ፣ የሚፈልገውን አስቀርቶ የማይፈልገውን ብቻ ገረዘው።

ቅርንጫፉ የረገፈለት ፓኪማን ፓኪማራን ተባለ። ትናንት ምንም ያልሠራው ነገር በአይጦቹ ላይ የካንሰሩን እብጠት ክፉኛ ገታው። ዜናው በ1970 በዚያው በኔቸር ታተመ። በዓመቱ ሐሙሮና ባልደረቦቻቸው በሰንሰለቱ ላይ ካርቦክሲሜቲል የተባለ አሲዳማ ጫፍ ሰክተው በውሃ እንዲሟሟ አደረጉት፤ ኃይሉም ከእርሱ ጋር ቆየ።

ከዚህ ተነሥቶ ቅርንጫፍ ጎጂ ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም፤ ሌንቲናን ራሱ ቅርንጫፋም ነው። መልሱን ከሌላ አቅጣጫ ያመጡት የሞለኪውል ቅርጽ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው። በ1977 ብሉምና ሳርኮ በኤክስሬይ እንዳሳዩት፣ የሌንቲናን ሰንሰለቶች ሦስት ሦስት እየሆኑ እርስ በርስ ይጎነጎናሉ። በ1980 የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሺዞፊላን በተባለ ሌላ የፈንገስ ፖሊሳካራይድ ላይ ያንኑ ጉንጉን በውሃ ውስጥ አገኙት። ጉንጉኑን በጠንካራ ሶዳ ወይም ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ በተባለ ፈሳሽ መፍታት ይቻላል፤ ግሉኮሱ ያው ግሉኮስ፣ ማያያዣውም ያው ማያያዣ ሆኖ ቅርጹ ብቻ ይፈርሳል። በዉሃን ዩኒቨርሲቲ የፖሊመር ኬሚስቷ ዣንግ ሊና ከቡድናቸው ጋር በ2005 ሁለቱን በአይጥ ላይ አነጻጸሩ። ጉንጉኑ ያልተፈታው የእብጠቱን እድገት በግማሽ ያህል ሲገታው፣ የተፈታው የገታው ከመቶ አሥራ ሁለት ገደማ ብቻ ነበር። በዚህ መካከል በ1985 ሌንቲናን ከካንሰር መድኃኒት ጋር በመርፌ እንዲሰጥ ለጨጓራ ካንሰር ታማሚዎች በጃፓን ተፈቅዶ ነበር። በመርፌ የሚለው ቃል በኋላ ስለሚያስፈልገን ይታወስ።

እያንዳንዱ በ1፣3 የተያያዘ የግሉኮስ ፍሬ ሦስት ነፃ ሃይድሮክሲሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ኬሚስቱ የፈለገውን ሊሰካ ይችላል። በ1988 ጃፓናውያን ሌንቲናን ላይ ሰልፌት ሰክተው በቤተ ሙከራ ኤችአይቪን የሚገታ ነገር ሠሩ። ያልተሰካበት ሌንቲናን ይህን አያደርግም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተጨናነቀ። ሰልፌት፣ ካርቦክሲሜቲል፣ አሴቲል፣ ፎስፌት፣ ሴሌኒየም እየተባለ ከብዙ እንጉዳይ የወጣ ፖሊሳካራይድ ተራ በተራ ተሞከረ። በብዙዎቹ ጽሑፎች የሚለካው ግን ካንሰርም ኤችአይቪም መሆኑ ቀረና አንቲኦክሲደንትነት ሆነ።

ይህ ከየት መጣ? ወደ ኋላ መለስ እንበል። በ1894 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ፌንተን ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ሌላውን ነገር አጥብቆ የሚያጠቃ ኃይል እንደሚፈጠር ጻፉ። በ1900 ሞሰስ ጎምበርግ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥንድ ያላገኘ ኤሌክትሮን የያዘ ሞለኪውል አገኙ፤ የመጀመሪያው ፍሪ ራዲካል ይህ ነው። በ1956 ዴንሃም ሃርማን እርጅናን የሚያመጡት እነዚሁ ፍሪ ራዲካሎች ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የሌንቲናን ዜና በወጣበት በዚያው በ1969 ደግሞ ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝን አገኙ። ሥራው ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ራዲካል ማጥፋት የሆነ ኢንዛይም በሰውነታችን ውስጥ አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ራዲካልን የሚያበርድ ነገር፣ ማለትም አንቲኦክሲደንት፣ ፍለጋ የዓለም ሥራ ሆነ።

ሁለቱ ወንዞች የተገናኙት ሆንግ ኮንግ ላይ ነው። በ1997 ሊዩ፣ ዉዪና ስመ ጥሩው የእንጉዳይ ሊቅ ሹ ቲንግ ቻንግ ከስምንት እንጉዳዮች የወጣ ፖሊሳካራይድ ወስደው ራዲካልን ያበርድ እንደሆን ፈተኑ። ከስምንቱ ስድስቱ አበረዱ። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሌላም ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ለውጤቱ በዱቄቱ ውስጥ የቀረው ፕሮቲን አስተዋፅኦ ያለው ይመስላል ይላል። ያ ዓረፍተ ነገር በጊዜው የሚገባውን ያህል አልተሰማም።

አሁን መለኪያውን ቀረብ ብለን እንየው። በጣም የተለመደው ዲፒፒኤች ይባላል፤ ማርስደን ብሎይስ በ1958 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ዲፒፒኤች ራሱ ፍሪ ራዲካል ነው፤ ግን እርጋታ ያለው፣ በጠርሙስ ተቀምጦ የሚቆይ። በአልኮል ሲሟሟ ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል። የሚፈተነው ነገር ይጨመርበታል፣ ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ራዲካሉ ሃይድሮጅን ወይም ኤሌክትሮን ካገኘ ሐምራዊው ገርጥቶ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ከዚያ 517 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ተልኮበት ምን ያህል እንደገረጣ ይነበባል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቀለሙ ሲለወጥ በዓይን ይታያል።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ታሪክ መጀመሪያ እዚህ ላይ አስታውስ። ፖሊሳካራይዱን ከእንጉዳዩ ውሃ ለይተን ያወጣነው በምን ነበር? በአልኮል። በአልኮል ውስጥ ስለማይሟሟ ነው የዘቀጠው። አሁን ያንኑ ዱቄት በውሃ አሟሙተን አልኮል ውስጥ ባለው ዲፒፒኤች ላይ ስናፈስሰው ምን ይሆናል? አልኮሉ ከበዛ ይደፈርሳል። የደፈረሰ ፈሳሽ ደግሞ ብርሃን ይበትናል፤ መሣሪያው ቀለሙን ይሁን ድፍርሱን እንደሚያነብ ሳይለይ ቁጥር ይሰጣል። ሰልፌት ወይም ካርቦክሲሜቲል ሲሰካበት ሰንሰለቱ በውሃ የሚሟሟበት ልክ ይለወጣል፤ ድፍርሱም ከእርሱ ጋር ይለወጣል። ጥንቃቄ ከጎደለ ከማሻሻያው በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት የአንቲኦክሲደንትነት ልዩነት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ሌላው መለኪያ የፌንተንን ብረትና ፐርኦክሳይድ የሚጠቀም ነው። ብረቱ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጥራል፤ ፖሊሳካራይዱ ሲጨመር የራዲካሉ ጉዳት ከቀነሰ ያዘው ይባላል። ካርቦክሲሜቲልና ሰልፌት ግን አሉታዊ ሙሌት ያላቸው ጫፎች ናቸው፤ አዎንታዊውን ብረት ይስባሉ። ብረቱ ከታሰረ ራዲካሉ ቀድሞውኑ በቅጡ አይፈጠርም። ይህ ጥቅም የለውም አልልም፤ ብረትን ማሰር በራሱ አንዱ የመከላከያ ዘዴ ነው። ነገር ግን ራዲካልን ከመያዝ የተለየ ሥራ ነው፤ በጽሑፎቹ ውስጥ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራሉ። በዚያ ላይ ሃይድሮክሲል ራዲካል ያገኘውን ሁሉ የሚመታ ነው። ተራ ስኳርንም ይመታል። በዚህ ፈተና ማለፍ ለአንድ ሞለኪውል ብዙ ክብር አይሆንም።

በአልትራሳውንድ ወይም በአሲድ ሰንሰለቱን ማሳጠርም ውጤት ከፍ ያደርጋል የሚባል ዘዴ ነው። እውነትም ያደርጋል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰንሰለት ኤሌክትሮን መስጠት የሚችል አንድ ጫፍ አለው። አንዱ ሰንሰለት ተቆራርጦ አሥር ቁራጭ ሲሆን ጫፉም አሥር ይሆናል።

ትልቁ ጥርጣሬ ግን ከ1997ቱ ዓረፍተ ነገር የበቀለው ነው። ስማቸው ከገነነ አንቲኦክሲደንቶች ብዙዎቹ፣ የሻይም ሆነ የወይን፣ ፊኖል የተባለ ቀለበታማ ቅርጽ አላቸው፤ ቀለበቱ ሃይድሮጅኑን ለራዲካሉ ሰጥቶ የቀረውን ኤሌክትሮን ተሸክሞ መረጋጋት ይችላል። የስኳር ሃይድሮክሲል ይህ ዕድል የለውም። ከእንጉዳይ የወጣ ጥሬ ፖሊሳካራይድ ግን ብቻውን አይወጣም፤ ፊኖሎችና ፕሮቲኖች ተጣብቀውበት ይወጣሉ፤ ቡናማ መልክ የሚሰጡትም ከእነርሱ መካከል አሉ። ዱቄቱ እየነጣ፣ እየጠራ በሄደ መጠን የአንቲኦክሲደንት ቁጥሩ እየወረደ ሲሄድ የተመለከቱ ጥናቶች በርክተዋል። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ማሻሻያው እውነተኛ ኬሚስትሪ ነው፣ የሚያመጣውም ለውጥ እውነተኛ ነው፤ «የተሻሻለው ፖሊሳካራይድ ራዲካልን በእጥፍ ያበርዳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተለካውን ነገር በትክክል አይገልጸውም።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሰው ሲመጣ ርቀቱ ይሰፋል። ቤታ ግሉካንን የሚቆርጥ ኢንዛይም በአንጀታችን የለንም፤ ትልቁ ሰንሰለት እንዳለ ወደ ደም አይገባም፣ ይልቁንም ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል። ሌንቲናን በመርፌ የተሰጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። በብልቃጥ ውስጥ ከፍ ያለ ቁጥር ደግሞ ለሰው ጤና ዋስትና አይሆንም። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት፣ በ1994 የታተመ ጥናት ይህን በመራራ መንገድ አሳየ፤ በአንቲኦክሲደንትነቱ የተመሰገነውን ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ታየባቸው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም የምግቦችን የአንቲኦክሲደንት ነጥብ የዘረዘረበትን ሰነድ በ2012 ከድረ ገጹ አነሣው።

የቺሃራ ጥያቄ ግን መልስ አግኝቷል፤ መልሱም አስደሳች ነው። በ2001 በኦክስፎርድ ጎርደን ብራውንና ሲያሞን ጎርደን ዴክቲን 1 የተባለ ተቀባይ በመከላከያ ሕዋሶቻችን ላይ ቤታ 1፣3 ግሉካንን እንደሚለይ አሳዩ። በፈንገስ ግድግዳ ውስጥ ይህ ግሉካን አለና ሰውነታችን ፈንገስ እንደገባበት ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ በታይመስ ዕጢ ሙከራ የተጠረጠረው ቀስቃሽ የሚነካው አንዱ ቦታ ታወቀ። ግንዱ ሲነካ፣ ቅርንጫፉ ሲረግፍ፣ ጉንጉኑ ሲፈታ ውጤቱ የሚለዋወጠው ለምን እንደሆነ ማሰብ የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

በእንጉዳይ ውስጥ አንቲኦክሲደንት የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ኤርጎታይኦኔይን ይባላል፤ ቻርለስ ታንሬ የተባሉ ፈረንሳዊ በ1909 ራይ በተባለው እህል ላይ ከሚበቅል ፈንገስ አገኙት። የሚሠሩት ፈንገሶችና አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሰው መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ብቻ ያገኘዋል። በ2005 የኮሎኝ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞለኪውል እየመረጠ ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ማጓጓዣ በሰው አካል ውስጥ አገኙ። ለጤና ምን ያህል እንደሚጠቅም አሁን በመጠናት ላይ ነው። የሚያስቆጨው ነገር፣ ኤርጎታይኦኔይን ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ፖሊሳካራይዱ በዲያሊሲስ ከረጢት ሲጣራ በከረጢቱ ቀዳዳዎች አልፎ ከሚደፋው ውሃ ጋር ይሄዳል።

በአገራችን ኦይስተር እንጉዳይ በገለባና በሌላም የእርሻ ተረፈ ምርት ላይ ይለማል፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችንም ዲፒፒኤች የተለመደ የመመረቂያ ሥራ መለኪያ ነው። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ተማሪ ካለ የምለምነው አለኝ። የእንጉዳይ ፖሊሳካራይድ አውጥተህ ስትለካ፣ ወይም አውጥተሽ ስትለኪ፣ በዱቄቱ ውስጥ የቀረውን ፕሮቲንና ፊኖል አብራችሁ ለኩ፤ ቁጥሩንም ከአንቲኦክሲደንቱ ቁጥር አጠገብ ጻፉት። ፈሳሹ ደፍርሶ እንደሆነ በዓይናችሁ አይታችሁ መዝግቡ፤ ዲፒፒኤች የሌለበት ማነጻጸሪያም አዘጋጁ። የምትደፉትንም ውሃ ከመድፋታችሁ በፊት ለኩት።